ሁለቱ የጠረግኳቸው ጥይቶች

የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነበር። እማዬ ሎሚ እንድገዛ ላከችኝ። ሦስት ሎሚ ገዛሁ። ሁለቱን ለዓሣው ሰጠኋት፤ አንዱን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩት።

ይህን ከሁሉ በፊት መናገር አለብኝ። ወደ ኋላ ካቆየሁት ሰበብ እየፈለግኩ እሄዳለሁ። ሎሚውን ማንም ደብቅ አላለኝም።

ቀኑ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበር። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ጋሪዎች ይመላለሳሉ። ራሰ በራዎቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ሾላው ላይ ሰፍረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ወንድሜ ጴጥሮስ ደፋችን ላይ ተቀምጦ ቤልጅጉን ይወለውል ነበር። ቤልጅግ የድሮ የጦር ጠመንጃ ነው። ወንድሜ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ጥበቃ ስለነበር ቀበሌው አስታጥቆታል። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው።

"ስንት ሎሚ ገዛህ?" አለኝ።

"ሁለት።"

"እጅህን አሳየኝ።"

አሳየሁት። ኪስህን አላለኝም። ሳቅ ብሎ ወደ ጠመንጃው ተመለሰ።

ዛሬም ሎሚ ሲቆረጥ ያ ደፍ ይመጣብኛል። ሽታው ከአመድ ጋር ከሆነማ ከቤት እወጣለሁ።

በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን በወባ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እማዬ የሰው ልብስ ትሰፋለች፤ ቤቱ የቆመው ግን በወንድም ጋሼ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ዓመቱን ሁሉ የምናወራው ስለ አንዲት ጉማሬ ነው። ከመንጋዋ ተለይታ ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ያለውን ቄጠማ ያዘች። መረብ ትበጥሳለች፤ ጀልባ ትገፋለች። ወንድም ጋሼ በክረምቱ ስምንት ጥይት ተኩሶባት ያገኘው ጆሮዋን ብቻ ነበር። ጫፉ ተቆርጦ ቀረ።

ዳንጊሶ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ በዚህ ሲቀልድበት አይጠግብም።

"ጴጥሮስ፣ በመጽሐፉ ስምህ ዓሣ አጥማጅ ነው። አንተ ግን የጉማሬ ጆሮ ትበሳለህ። ጉትቻውን መቼ ነው የምታመጣላት?"

"ጥሎሹን አንተ አምጣ" ይለዋል ወንድም ጋሼ። "ደጇ ሳትደርስ የማትውለው አንተ ነህ።"

ሕጉ እንዲህ ነበር። ጥይት የተኮሰ ሰው ባዶውን የናስ ቀፎ፣ ቀለህ የምንለውን፣ ለቀበሌ ያሳያል፤ ያኔ ምትክ ይሰጠዋል። ወንድም ጋሼ ስምንቱን ቀለህ በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ቀበሌ ሲሄድ ተከተልኩት። ሊቀመንበሩ መሐረቡን ፈቶ አየና መልሶ ቋጠረው።

"ጥይት የሚፈለገው ግንባር ላይ ነው፣ ጓድ ጴጥሮስ። ለጉማሬ የሚሆን የለንም።"

"በባዶ ጠመንጃ ምን ልጠብቅ ታዲያ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። ማኅበሩ ግን እየጮኸብኝ ነው።" ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። "ይኸውልህ የሚሊሺያው ዝርዝር። ስምህ አለበት። ጉማሬዋ ከወደቀች ለጥበቃ ያስፈልገናል ብዬ አወጣሃለሁ። ገና ማኅተም አላረፈበትም። ካረፈበት በኋላ እኔም አልችልም።"

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእንጨት እጀታ አለው። አጠገቡ ወይን ጠጅ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ በጠፍጣፋ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ያን ቀለም አውቀዋለሁ። የጸሎት ቤታችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያው ቀለም አርፎበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባበትም፤ እሁድ እሁድ የምንጸልየው በሰው ቤት መስኮት ዘግተን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲዘምት የያዘው ወረቀት ላይም ነበር። እሱም አልተመለሰም። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ያለቀ ነበር። ወይን ጠጅ ያረፈበት ነገር የእኛ መሆኑ ይቀራል።

ስንመለስ ወንድም ጋሼ ቀለሆቹን በመሐረብ እያንቃጨለ ተራመደ። ከዚያ ወደ ቤት አልታጠፈም። ወደ ታቦር ተራራ ታጠፈ።

አባባ ሐመሶ ከታቦር ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት ፈረንጅ አዳኞችን እየመሩ እስከ ቦረና ይሄዱ ነበር። አንዱ አገሩ ሲገባ የእንጨት ሣጥን ትቶላቸዋል። ሣጥኑ ውስጥ እንደ ፒንሳ የሚጨበጥ ረጅም መሣሪያ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ከታች የቀረ ባሩድ ያለበት ጣሳ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚገቡ የመዳብ ቆቦች፣ በትምባሆ ቆርቆሮ ደግሞ አፍንጫቸው ድፍን የሆነ ከባድ አረሮች ነበሩ።

አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለነበር ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። አንዱን ቀለህ በጣታቸው እያዞሩ ዳሰሱት። ዓይናቸው ደክሟል።

"ይህን የሠራው ሰው የሚያስበው ሰው መግደል ነው" አሉ። "አረሩ ሾጣጣ ነው። የጉማሬ አጥንት ሲነካ መንገድ ይጠፋበታል። ይህ ድፍኑ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀፎው የወታደር ይሁን፤ ግድ የለም። ውስጡን እንለውጣለን።"

"ይሆናል ብለው ነው፣ አባባ?"

"እኔ እሞላለሁ። መተኮሱ ያንተ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ እዚያ ሆነ። ቀለሆቹ በጭስ ጠቁረው፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ዝገት ይዞት ነበር። አባባ ሐመሶ ግማሽ ሎሚ አመድ ውስጥ ነክረው ይሰጡኛል፤ አሻለሁ፤ በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ እንደገና አሻለሁ። መጀመሪያ ጣት ያቃጥላል። ቆይቶ ናሱ ከጥቁሩ ሥር ብቅ ሲል ፊቴን አይበት ነበር። ለትምህርት ያን ያህል አልሆንም፤ ለዚህ ግን ሆንኩ። አባባ ሐመሶ በጣታቸው ይፈትሹና "ጎሽ" ይሉኛል። ሌላ ቃል የላቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ይከለክሉኝ ነበር።

"ባዶውን እንደ ልብህ እሽ። የሞላውን አትንካ። የሞላ ጥይት የተኳሹ ነው።"

አንድ ነገር ደግሞ አሳይተውኛል። የሞሉትን ሁሉ ጆሯቸው ሥር ይዘው ይነቀንቃሉ። ባሩዱ ሙሉ ከሆነ ዝም ይላል። ከጎደለ ውስጡ ይንሿሿል፤ እንደ ደረቅ አሸዋ።

"ሰውም እንዲሁ ነው" አሉኝ። "የሚንጫጫው የጎደለው ነው።"

ስምንቱን የሞሉት ዓርብ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ያን ቀን የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ልናገረው። ባሩዱ አልበቃም። አራቱ ሙሉ ሆኑ። ለቀሩት አራት ግማሽ ግማሽ ብቻ ደረሳቸው። ግማሾቹ ጉማሬዋን በድምፅ ከመረብ ለማራቅ እንጂ ለሌላ አይሆኑም። ከውጭ ሲታዩ ግን ስምንቱም አንድ ናቸው፤ ያው ቀለህ፣ ያው ድፍን አረር። ስለዚህ ወንድም ጋሼ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የተጣለ የማኅተም ስፖንጅ ፈልጎ አመጣ። የግማሾቹን ቂጥ እየጫነ አራቱን ወይን ጠጅ አደረጋቸው። ሰኞ ጠዋት አባባ ሐመሶን ይዞ ሊወጣባት ነበር የታሰበው።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ የሰፋችውን ልታደርስ ወጣች። ወንድም ጋሼ ሐይቁ ዳር ነበር። ከአልጋው ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮውን ሳብኩ። ሎሚ የደበቅኩት አንዲት የዛገች ቀለህ አግኝቼ እሷን ላሽ ብዬ ነው፤ ጥይቶቹን ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ስምንቱ በአፍንጫቸው ቆመዋል። ቂጣቸው ወደ ላይ ነው። አራቱ ላይ ወይን ጠጅ አርፏል።

ማኅተሙ ቤታችን ገብቷል። ዝርዝሩ ላይ አርፏል ማለት ነው፤ ወንድም ጋሼ ግን ለእማዬ አልነገራትም። ጥይቶቹም እሱም ሊወሰዱ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲሄድ እናቱ ጋሪው ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እማዬ ስትንጠለጠል ታየኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ናስ ላይ ያለን ነገር ማስለቀቅ።

ሎሚውን በጥርሴ ከፈልኩት። ከምድጃው አመድ አመጣሁ። የሞላውን አትንካ ያሉኝን አልረሳሁትም። ግን ጥይቱን ሳይሆን ማኅተሙን ነው የምነካው አልኩ። የመጀመሪያው ቶሎ ለቀቀ። ጨርቄ ላይ ወይን ጠጅ ክብ ወጣ። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ አስቸገረኝ፤ እሱም ለቀቀ። ሦስተኛውን ሳነሳ የወንድም ጋሼን ኮቴ ከውጭ ሰማሁ። መለስኩት። ቆርቆሮውን ገፋሁ። ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ።

ሁለቱን ብቻ ነው የጠረግኩት።

ራት ዓሣ ነበር። እማዬ ቀመሰችና "ሎሚ አነሰው" አለች። "ሦስት አይደለም እንዴ ያልኩህ?"

"ሁለት ነው ያለው" አለ ወንድም ጋሼ። ወደ እኔ ዞረ። "እጅህ አመድ አመድ ይሸታል። ዛሬ ደግሞ ምን ስታሽ ዋልክ?"

"አንዲት አሮጌ ቀለህ።"

"ከየት አመጣሃት?"

"መንገድ ላይ አገኘሁ።"

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ይነግረኛል ብሎ እየጠበቀ ይሁን፣ ወይም ዝም ብሎ እያየኝ ይሁን፣ ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። "ነገ ታሳየኛለህ" ብሎ ከራሱ ድርሻ የዓሣውን ራስ ሳህኔ ላይ አደረገልኝ። የዓሣ ራስ እወድ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳንጊሶ መጣ። በሩን አላንኳኳም፤ ደበደበው።

"ጴጥሮስ፣ ተነስ። ጀልባ ገልብጣለች። የእህቴ ልጅ ቄጠማው ውስጥ ግንድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ሥሩ ቆማለች።"

"ዋኝቶ አይወጣም?"

"እግሩን ነክታዋለች። መያዝ አቅቶታል፣ ወንድሜ፤ ይወድቃል።"

"አባባ ሐመሶን ልጥራ" አለች እማዬ።

"አይደርሱም።"

ወንድም ጋሼ ቆርቆሮውን ብርድ ልብሱ ላይ ገለበጠ። ጥይቶቹ ተንከባለሉ። ወይን ጠጅ ያለባቸውን ሁለቱን አይቶ በጣቱ ገፋቸው። ከቀሩት ስድስት አራቱን አፈሰና ቤልጅጉን አጎረሰው። አልቆጠረም። ወይን ጠጆቹን በዓይኑ አግኝቷል፤ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ሲገፋቸው አየሁ። ወይን ጠጅ ያለበትን አይወስድም ማለት ነው አልኩ። ስለዚህ ሁለት ጥይት ጨመርኩለት አልኩ። ደስ አለኝ። ይህንንም መናገር አለብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አራቱንም ጠርጌ ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር። ምንም ባልጠርግ ኖሮ አይሳሳትም ነበር።

እማዬ ተመለስ እያለችኝ ተከትዬው ሮጥኩ። ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። ከሐይቁ ዳር ግንብ ላይ ሆኜ ልጁን አየሁት፤ ግንዱን አቅፏል፤ አይጮህም። ከሥሩ ውሃው ላይ ጥቁር ጀርባ፣ ከፊቱ አንድ ሙሉ ጆሮና አንድ ቆራጣ። ወንድም ጋሼ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ ይዞ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ከእሷ እስከ እሱ ከቤታችን እስከ ጎረቤታችን በር ቢሆን ነው። ዳንጊሶ ድንጋይ እየወረወረ ዓይኗን ወደ ሌላ ሊስብ ይሞክራል። እሷ ዞረች። ግንባሯን ሰጠችው። አባባ ሐመሶ እስክትሰጥህ ጠብቅ ብለውት ነበር፤ ጠበቀ።

በአዋሳ ቤልጅግ ሲተኮስ ታቦር ይመልሰዋል። እኛ ልጆች እንቆጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ከተራራው ይመጣል። ያን ጠዋት የመጀመሪያውን ተኩስ ታቦር አልመለሰውም። ቁና ሙሉ በቆሎ መሬት ላይ እንደ መድፋት ያለ ድምፅ ነበር። ግንባሯ ላይ መታት፤ ጭንቅላቷ ነቅነቅ አለ፤ አልወደቀችም። ከዚያ መጣች።

ወንድም ጋሼ ሁለተኛውን አጎረሰ። አልሮጠም። ሁለተኛውን ታቦር መለሰው። ግን እሷ ደርሳ ነበር።

ሌላውን አልጽፈውም። ልጁን አወጡት። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ዳነ። ጉማሬዋ ከቀትር በኋላ ቄጠማው ዳር ተንሳፍፋ ተገኘች። ወንድም ጋሼን ግን ከውሃው ሲያወጡት እንዳላይ አንድ ሴትዮ ፊቴን በነጠላዋ ያዘችኝ። ነጠላዋ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አባባ ሐመሶ በትራቸውን ይዘው ገቡ። እማዬ ፊት ተንበረከኩ። ሽማግሌ ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ልጅሽን የገደለችው ጉማሬዋ አይደለችም" አሉ። "የእኔ ዓይን ነው። አራቱ ሙሉ ነበሩ፤ አራቱ ግማሽ። ግማሾቹን ወይን ጠጅ ቀብተናል። እኔ አንዱን ግማሽ ከሙሉዎቹ ጋር ቀላቅዬ ሳይቀባ አሳልፌዋለሁ። ድምፁን ከቤቴ ሆኜ ሰማሁት። ሙሉ አልነበረም።"

"ተነሱ፣ አባባ" አለች እማዬ። "ይነሱ፤ የሰው ዓይን ይደክማል።"

ሊቀመንበሩ ለልቅሶ መጥቶ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ነበር። ተነሳ።

"ጥይት መሙላት ማን ፈቀደልዎት?"

"ማንም።"

"ባሩዱስ?"

"የእኔ ነው።"

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው አስወጧቸው። ሰዉ አጉረመረመ፤ ግን ማንም አልተነሳም። ሊቀመንበሩ ለእማዬ ቀስ ብሎ "የጴጥሮስን ስም ከዝርዝሩ ሰርዘነዋል" አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ምን እንዳላት የሰማችው አይመስለኝም።

እኔ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ነበርኩ። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄን ከተትኩበት፤ አመዱ ሻከረኝ። ግማሾቹን ወይን ጠጅ ቀብተናል። ቃሉን ደጋግሜ አልኩት፤ ገባኝ፤ እንዳይገባኝ ደግሞ ፈለግኩ። አልተናገርኩም። አባባ ሐመሶ በበሩ ሲያልፉ አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሰዉ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ ጥሎታል። እማዬ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ገልጣ ተቀምጣለች፤ አላየችኝም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ብርድ ልብሱ ላይ የቀሩትን አራት ጥይቶች ሰው ቆርቆሮው ውስጥ መልሷቸዋል። ሁለቱ ወይን ጠጅ። ሁለቱ ንጹሕ።

በሌሊት ሳስበው አንድ መንገድ አግኝቼ ነበር። የጠረግኳቸው ሁለቱ እነዚህ የቀሩት ንጹሖች ከሆኑ፣ ወንድም ጋሼ የያዛቸው አራቱም ሙሉ ነበሩ። ድምፁ ያነሰው በሌላ ነገር ነው፤ በጉሙ፣ ባሩዱ አርጅቶ። እንዲህ ከሆነ እኔ አይደለሁም። ጸለይኩ። የጸለይኩት ጥይት እንዲንሿሿ ነው።

መጀመሪያ ወይን ጠጁን አንዱን ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩ። ሽሽሽ አለ፤ ደረቅ አሸዋ። ሌላውም እንዲሁ። ድምፁን ያዝኩት።

ከዚያ ንጹሑን አነሳሁ። ነቀነቅኩ።

ዝም።

ወደ ግራ ጆሮዬ አዞርኩት። ዝም። የመጨረሻውን አንስቼ ነቀነቅኩ። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ከውጭ አንድ ጋሪ መጣ፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። እንደገና ነቀነቅኩ።

ዝም አለ። ሙሉ ነበር። የጠረግኳቸው ሁለቱ የሄዱት ከወንድም ጋሼ ጋር ነው።

አራቱን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። ጨርቁን ላያቸው ላይ አደረግኩ። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ቀበሌው በር ላይ የስኳር ሰልፍ ተጀምሮ ነበር። ጥበቃው በጠመንጃው አገደኝ።

"አንተ፣ ሰልፉ ወዲያ ነው።"

"ስኳር አይደለም። ሊቀመንበሩን ነው።"

"ምን ልትሆን?"

"ማኅተሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሰልፉ ላይ ያሉ ሴቶች ዞሩ። ጥበቃው ፊቱ ተለወጠ። "የምን ወረቀት ማኅተም?" አለና አንገቴን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ጋ ነበር። አባባ ሐመሶ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማ የላቸውም፤ በትራቸውም የለም። እኔን ከበሩ ማየት አይችሉም። ማን ገባ ሳይሉ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ጨርቁን አውጥቼ ዘረጋሁት። ሁለት ወይን ጠጅ ክቦች ጎን ለጎን ነበሩ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

ቆርቆሮውን ወደ እሱ ገፋሁት።

አባባ ሐመሶ ቀና አሉ። አየሩን ሳቡ።

"ሎሚ ነው" አሉ። "ሎሚና አመድ።"

የደከመ ዓይናቸውን እኔ ወዳለሁበት አቀኑ።

"ስንቱን?" አሉኝ።

"ሁለቱን፣ አባባ።"

ሊቀመንበሩ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ አባባ ሐመሶ በእጃቸው አግዳሚውን ዳሰሱና ፈቀቅ አሉ፤ ለአንድ ልጅ የሚሆን ቦታ።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።